የኮዬ ፈጬ ቤቶች በሰንጠረዥ፦ ዳታ ማዘጋጀትና ሞዴል መሥራት የሚለያዩበት

ፓወር ቢአይ፣ ታብሎና ክሊክን የመሰሉ የቢዝነስ ኢንተለጀንስ ሶፍትዌሮች ከየቦታው የተሰበሰበን መረጃ ወደ ሪፖርትና ወደ ዳሽቦርድ ይለውጣሉ። ከጥሬው መረጃ ተነስቶ ዳሽቦርዱ ላይ እስኪደረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው ዳታ ማዘጋጀት ነው። የመጣው መረጃ ይመረመራል፣ ይጸዳል፣ አጻጻፉ አንድ ዓይነት ይደረጋል፣ ምንጩ ከላከው ጋርም ይመሳከራል። ሁለተኛው ሞዴል መሥራት ነው። እዚህ ላይ የጸዱት ሰንጠረዦች እያንዳንዳቸው ምን እንደሚለኩ ይወሰናል፣ እርስ በርስ ይያያዛሉ፣ የስሌቶቹም ደንብ ይጻፋል።

በፓወር ቢአይ ሁለቱ ሥራዎች መስኮታቸውም ቋንቋቸውም የተለያየ ነው። ዝግጅቱ ፓወር ኩዌሪ በሚባለው ክፍል «ኤም» በተባለ ቋንቋ ይከናወናል፤ የሞዴሉ ስሌት ደግሞ «ዳክስ» በሚባል ሌላ ቋንቋ ይጻፋል። ፓወር ኩዌሪ እ.ኤ.አ. በ2013 የኤክሴል ተጨማሪ መሣሪያ ሆኖ ብቅ ያለ ሲሆን፣ ፓወር ቢአይ በ2015 ለሕዝብ ሲቀርብ የእሱ አካል ሆኗል። ታብሎም እ.ኤ.አ. በ2018 ለዝግጅቱ ብቻ የሚያገለግል ራሱን የቻለ ፕሮግራም አውጥቷል። ሁለቱ ሥራዎች የሚጠይቁት ጥያቄም ይለያያል። ዝግጅት «ይህ ረድፍ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሞዴል ደግሞ «ይህ ረድፍ የምን አንድ ነው? ከሌላው ጋርስ እንዴት ይደመራል?» ይላል። በአንዱ የተፈጠረ ስህተት በሌላው አይታረምም። ብዙ መሥሪያ ቤቶች ግን ሁለቱንም «ሪፖርት መሥራት» ብለው ለአንድ ሰው ይሰጡና የቁጥሩ መዛባት ከየት እንደመጣ ማወቅ ያቅታቸዋል።

ይህ መምታታት ምን ያህል እንደሚጎዳ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በሚገባ ያሳያሉ። ነዋሪው ለኮንዶሚኒየም በ1997 ዓ.ም.፣ ከዚያም በ2005 ዓ.ም. በብዛት ተመዝግቧል። በ20/80 ፕሮግራም ተመዝጋቢው የቤቱን ዋጋ 20 በመቶ ቆጥቦ ቀሪውን 80 በመቶ በባንክ ብድር ይከፍላል፤ በ40/60 ደግሞ የቁጠባው ድርሻ 40 በመቶ ነው። ስለዚህ አንድ ቤት ለአንድ ሰው እስኪደርስ ድረስ ቢያንስ ሦስት ዝርዝሮች መገናኘት አለባቸው። የተመዝጋቢዎቹ ዝርዝር በከተማው አስተዳደር፣ የቁጠባው ዝርዝር በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ የቤቶቹ ዝርዝር ደግሞ ግንባታውን በሚመራው ክፍል ይገኛል። ሦስቱ በተለያየ ጊዜ፣ በተለያዩ ሰዎች፣ ለተለያየ ዓላማ የተሞሉ ናቸው።

ሐምሌ 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የ14ኛውን ዙር የ20/80 እና የ3ኛውን ዙር የ40/60 ዕጣ አወጣ። ለዕጣ የቀረቡት ቤቶች 25,491 ነበሩ፤ 18,648ቱ የ20/80፣ 6,843ቱ የ40/60። ዕጣው የወጣው በኮምፒውተር ሲስተም ነበር። በቀናት ውስጥ ግን አስተዳደሩ ዕጣው መሰረዙን አስታወቀ። ምክንያቱም ባንኩ ቁጠባቸውን አሟልተዋል ብሎ ከላካቸው ሰዎች ውጭ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሌሎች ስሞች በሲስተሙ ውስጥ መገኘታቸው ነው። የተጠረጠሩ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በቁጥጥር ስር ዋሉ፤ ዕጣውም በኅዳር 2015 ዓ.ም. እንደገና ወጣ። በ1997 ዓ.ም. የተመዘገበ ሰው በዚያ ሐምሌ ተራውን ሲጠብቅ 17 ዓመት ሞልቶት ነበር። ለእሱ የዝርዝሩ ንጽሕና የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ዕጣ የሚያወጣ ፕሮግራም ቁጥሮችን በትክክል ቢያገላብጥ እንኳ የሚያገላብጠው የተሰጠውን ዝርዝር ነው። ዝርዝሩን መጠበቅ የዝግጅት ሥራ ነው፤ ለዚህም ቀላልና የቆየ ዘዴ አለ። መረጃ ከአንድ እጅ ወደ ሌላ እጅ በተላለፈ ቁጥር የረድፉ ብዛትና የገንዘቡ ድምር ይመዘገባል። ባንኩ ስንት ሰው ላከ? የቁጠባው ጠቅላላ ድምር ስንት ብር ነው? ወደ ሲስተሙ ስንት ገባ? ከጽዳት በኋላ ስንት ቀረ? የተቀነሱትስ ለምን ተቀነሱ? ሁለት ቁጥሮች ካልገጠሙ ሥራው እዚያው ይቆማል። ፓወር ኩዌሪ በመረጃው ላይ የተወሰደውን እያንዳንዱን እርምጃ በቅደም ተከተል ስለሚያስቀምጥ፣ ኦዲተር አንድ በአንድ እየጫነ የቱ ጋ ስንት ረድፍ እንደተጨመረ ወይም እንደጠፋ ማየት ይችላል። ሁለት ዝርዝሮችን አስተያይቶ በአንዱ ኖሮ በሌላው የሌለውን ብቻ የሚያወጣ ትዕዛዝም አለው። የሲስተሙ ዝርዝርና የባንኩ ዝርዝር በዚህ ትዕዛዝ ቢነጻጸሩ ቁጠባቸውን ሳያሟሉ የገቡት ስሞች በሙሉ በአንድ ሰንጠረዥ ተለይተው ይወጣሉ። ሞዴሉ ግን ይህን አያደርግም። ፓወር ቢአይ ተዛማጅ ያላገኘለትን ረድፍ «ባዶ» በሚል ስም ሥር ሰብስቦ ከጠቅላላው ጋር ይቆጥረዋል እንጂ አያስቆመውም።

ሆን ተብሎ የተጨመረ ስም ከመኖሩም በፊት የአገራችን መረጃ በራሱ ብዙ ዝግጅት ይፈልጋል። ስምን እንውሰድ። «ፀሐይ ዓለሙ ኃይሌ» እና «ጸሀይ አለሙ ሀይሌ» ለአንባቢ አንድ ሰው ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ኮድ ስላለው የማይገናኙ ሁለት ሰዎች ናቸው። መፍትሔው ለማመሳከሪያ ብቻ የሚያገለግል ሌላ ዓምድ ሠርቶ እዚያ ውስጥ ሐን፣ ኀን፣ ኃን እና ሀን ወደ አንድ፣ ሠን እና ሰን ወደ አንድ፣ ዐን፣ ዓን እና አን ወደ አንድ፣ ፀን እና ጸን ወደ አንድ ማምጣት ነው። ባለቤቱ የጻፈው ስም በዋናው ዓምድ ሳይነካ ይቀመጣል፤ ውል የሚፈረመው በእሱ ነውና። ስምን በክፍት ቦታ ቆርጦ «ስም»፣ «የአባት ስም»፣ «የአያት ስም» ማድረግም አደጋ አለው። «ገብረ ማርያም ተስፋዬ ደምሴ» ተብሎ የተመዘገበ ሰው በዚህ አቆራረጥ አባቱ «ማርያም» ይሆናል።

የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተሠሩበት በኮዬ ፈጬና በዙሪያው ደግሞ ስሞች በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም ይመዘገባሉ። ጫልቱ የሚለው ስም በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ይጀምራል፤ እንግሊዝኛን ተከትሎ የጻፈው ግን «ኤች» ይጨምርበታል። በሦስት አጻጻፍ የተመዘገበች አንዲት ሴት በሪፖርቱ ሦስት ሰው ሆና ልትቆጠር ትችላለች። በሌላ በኩል እስከ አያት ድረስ ስማቸው አንድ የሆነ የተለያዩ ሰዎች ብዙ ናቸው። ስለዚህ ስም ብቻውን መለያ መሆን አይችልም። የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥርም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ኤክሴል በ09 የሚጀምርን ስልክ እንደ መጠን ከቆጠረው የፊተኛውን ዜሮ ይጥለዋል። መለያ ቁጥሮች ሁሉ ገና ሲገቡ እንደ ጽሑፍ መወሰድ አለባቸው።

ከሁሉም በላይ ጠንቀኛው ቀን ነው። የካቲት 30 ቀን 2014 በአንድ ቅጽ ላይ 30/06/2014 ተብሎ ተጽፏል እንበል። ቀንን ከወር በሚያስቀድም አቀማመጥ የተስተካከለ ሶፍትዌር ይህን ሲያነብ ምንም ቅሬታ ሳያሰማ «ጁን 30 ቀን 2014» ብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር ያስቀምጠዋል። ትክክለኛው ቀን ግን ማርች 9 ቀን 2022 ነው። በአንድ ጊዜ ወደ ስምንት ዓመት የሚጠጋ ስህተት ገባ ማለት ነው። ወርን የሚያስቀድም አቀማመጥ ደግሞ ጳጉሜን 5 ቀን 2013ን፣ ማለትም 05/13/2013ን፣ «ሜይ 13 ቀን 2013» አድርጎ ይቀበላል። እንደ ጥቅምት 30 ያለ ቀን ሲመጣ ግን፣ 30/02 ሆኖ ስለሚጻፍና ፌብሩዋሪ 30 ቀን ስለሌለው፣ ሶፍትዌሩ ስህተት ብሎ ይጮኻል። ብዙ ሠራተኞች የጮኸውን ረድፍ ብቻ አርመው ያልፋሉ። የጮኸው ግን ከተበላሸው ዓምድ ጥቂቱ ነው፤ በጸጥታ የገቡት ሺህ ቀኖች እዚያው ይቀራሉ። ትክክለኛው አሠራር ቀኑን በጽሑፍ መልክ ማስገባት፣ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ነጣጥሎ ማውጣት፣ በየትኛው አቆጣጠር እንደተሞላ ከምንጩ ማረጋገጥ፣ ከዚያ በኋላ በስሌት መለወጥ ነው። ባንክ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ወረዳ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መመዝገባቸው ስለተለመደ አንዱን ደንብ በሁሉም ላይ መጫን አይቻልም።

ይህ ሁሉ አልቆ እያንዳንዱ ረድፍ እውነት ቢሆንም ዳሽቦርዱ አሁንም ሊሳሳት ይችላል። የሞዴል ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አሜሪካዊው ራልፍ ኪምቦል እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተመው መጽሐፍ ያስፋፋው አሠራር ዛሬም መሠረት ሆኖ ያገለግላል። ሰንጠረዦቹ በሁለት ይከፈላሉ። አንደኛው ዓይነት የሆነውን ድርጊት ይመዘግባል፦ ቁጠባ ገባ፣ ዕጣ ወጣ፣ ክፍያ ተፈጸመ። ሌላው ድርጊቱ የሚገለጽበትን ይይዛል፦ ማን፣ የትኛው ቤት፣ የትኛው ሳይት፣ መቼ። የድርጊቱ ሰንጠረዥ በመሐል፣ ገላጮቹ በዙሪያው ሆነው ሲያያዙ ሥዕሉ ኮከብ ስለሚመስል አሠራሩ በዚሁ ስም ይጠራል። የሞዴል ሠሪ የመጀመሪያ ግዴታ ለእያንዳንዱ የድርጊት ሰንጠረዥ «አንድ ረድፍ የምን አንድ ነው?» የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። አንድ ረድፍ አንድ የወር ቁጠባ ነው? ወይስ አንድ ቆጣቢ? ወይስ አንድ ቤት?

ይህ ሳይወሰን ሁሉንም በአንድ ትልቅ ሰንጠረዥ ማጣመር በኤክሴል ላደገ ባለሙያ ቀላል ይመስላል። ውጤቱን በአንድ ምሳሌ ማየት ይቻላል። አንዲት ቆጣቢ ለ60 ወራት ቆጥባ 300,000 ብር የሚያወጣ ቤት ደረሳት እንበል። የቁጠባው ዝርዝርና የቤቱ ዝርዝር በስሟ ሲጣመሩ 60 ረድፍ ይፈጠራል፤ በእያንዳንዱ ረድፍ ላይም የቤቱ ዋጋ ይደገማል። የቤት ዋጋ ድምር የሚል ስሌት ሲሠራ አንዷ ቤት 18,000,000 ብር ታወጣለች። ስሟ ትክክል ነው፣ ቀኖቹ ትክክል ናቸው፣ ዋጋውም ትክክል ነው። የሚጸዳ ነገር የለም። የተሳሳተው የሁለት የተለያዩ ድርጊቶች በአንድ ሰንጠረዥ መታጨቅ ነው። ቁጠባው በአንድ ሰንጠረዥ፣ የዕጣው ውጤት በሌላ ሆኖ ሁለቱም ከአንድ የተመዝጋቢዎች ሰንጠረዥ ጋር ቢያያዙ ሁለቱም ድምሮች በትክክል ይወጣሉ።

ሌላው የተለመደ ጥፋት የሒሳብ ቀሪን እንደ ገቢ መደመር ነው። በየወሩ 500 ብር የሚያስገባ ሰው በሦስተኛው ወር ቀሪው 1,500 ብር ነው። የየወሩ መጨረሻ ቀሪ፣ ማለትም 500፣ 1,000 እና 1,500፣ ቢደመሩ 3,000 ይሆናል፤ ይህ ገንዘብ ግን የትም የለም። ገቢ በጊዜ ላይ ይደመራል፤ ቀሪ ደግሞ በሰዎች ላይ ይደመራል እንጂ በወራት ላይ አይደመርም፤ የበጀት ዓመቱ መልስ የሰኔ 30 ቀሪ ነው። ይህ ደንብ በሞዴሉ ስሌት ውስጥ ካልተጻፈ፣ ዳሽቦርዱን የከፈተ ኃላፊ የፈለገውን ዓምድ ጎትቶ የሌለ ገንዘብ ሊያሳውቅ ይችላል።

የሞዴል ሠሪ ሌላው ፈተና በጊዜ የሚለወጥ መረጃ ነው። የካቲት 27 ቀን 2011 ዓ.ም. 51,229 ቤቶች ዕጣ ወጣባቸው፤ 32,653ቱ የ20/80፣ 18,576ቱ የ40/60 ነበሩ። ከእነዚህ መካከል የኮዬ ፈጬ ቤቶች ይገኙባቸዋል። ቦታው የማን አስተዳደር ነው በሚለው ጥያቄ የተነሳ በኦሮሚያ ተቃውሞ ተቀሰቀሰ። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባና ኦሮሚያ ስለ ወሰናቸው ሲስማሙ ቱሉ ዲምቱ ወደ አዲስ አበባ፣ ኮዬ ፈጬ ወደ ኦሮሚያ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ ለገዳዲና ገላን ተጠቃለው በ12 ክፍለ ከተሞች የተዋቀረ ሸገር ከተማ ተመሠረተ፤ ኮዬ ፈጬም ከክፍለ ከተሞቹ አንዱ ሆነ። ሕንፃዎቹ ከቆሙበት አልተነቃነቁም፤ የተለወጠው አድራሻቸው ነው።

በቤቶች ሰንጠረዥ ውስጥ «አስተዳደር» የሚለው ዓምድ ምን ይሁን? አንደኛው መንገድ የቀድሞውን ስም ደምስሶ አዲሱን መጻፍ ነው። ለዛሬ አገልግሎት፣ ለምሳሌ ለውሃና ለቆሻሻ አሰባሰብ፣ ይበቃል። ነገር ግን «በ2011 በአዲስ አበባ አስተዳደር ሥር ስንት ቤት ለዕጣ ቀረበ?» ተብሎ ሲጠየቅ የኮዬ ፈጬ ቤቶች በዚያን ጊዜ ባልነበረው በሸገር ሥር ይቆጠራሉ፤ መልሱም በወቅቱ በይፋ ከተነገረው ቁጥር ጋር አይገጥምም። ሁለተኛው መንገድ ለአንድ ቤት ሁለት ረድፍ መያዝ ነው፦ አንዱ እስከ ወሰን ለውጡ ድረስ የሚያገለግል፣ ሌላው ከዚያ በኋላ የሚያገለግል፣ ሁለቱም መነሻና መድረሻ ቀን ያላቸው። የ2011 ዕጣ ከአሮጌው ረድፍ፣ የዛሬ ክፍያ ከአዲሱ ረድፍ ጋር ይያያዛል። በዚህ ጊዜ የቤቶቹ ብዛት በረድፍ ሳይሆን በማይለወጥ የቤት መለያ መቆጠር አለበት፤ አለዚያ እያንዳንዱ ቤት ሁለት ይሆናል። የሕዝብን ንብረት የሚመለከት መዝገብ ከሆነ ሁለተኛው መንገድ ይመረጣል። ታሪኩን የደመሰሰ መዝገብ በክርክር ጊዜ ለማንም ምስክር አይሆንም።

የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ጉዳይ ከዚህም ይወሳሰባል። ከተሞቹ ቀድሞ ራሳቸውን ችለው የቆሙ ነበሩ፤ ክፍለ ከተሞቹ ደግሞ ከቀድሞዎቹ ከተሞች በቁጥር ይበልጣሉ። ስለዚህ «የድሮው ይህ፣ የዛሬው ያ» ብሎ አንድ ለአንድ ማመሳሰል አይቻልም። ከ2015 በፊትና በኋላ ያለውን የግብር ገቢ ማነጻጸር የፈለገ ሰው የድሮውን ቀበሌ ከዛሬው ወረዳ ጋር የሚያገናኝ ድልድይ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ይኖርበታል። ሁለቱ ሥራዎች እዚህ ላይ ይነካካሉ። በየትኛው አከላለል እንደሚነጻጸር መወሰን የሞዴል ሥራ ነው፤ የሰንጠረዡን ኮዶች አንድ በአንድ መሙላትና ማረጋገጥ የዝግጅት ሥራ ነው።

የቀን ሰንጠረዥም እንዲሁ ድንበር ላይ ያለ ነገር ነው። ለእያንዳንዱ ቀን አንድ ረድፍ ይኖረዋል፤ በረድፉም ላይ የፈረንጁ ቀን፣ የኢትዮጵያው ቀን፣ ጳጉሜንን ጨምሮ ከ13ቱ ወራት የአንዱ ስም፣ ሐምሌ 1 የሚጀምረው የበጀት ዓመትና ሩብ ዓመቱ ይጻፋሉ። አንዴ በዝግጅቱ ክፍል ከተሠራ በሞዴሉ ውስጥ ሁሉም ድርጊት ከእሱ ጋር ይያያዛል። አንድ ቤት የምዝገባ፣ የዕጣ፣ የውልና የቁልፍ ርክክብ ቀን አለው፤ ፓወር ቢአይ ግን በሁለት ሰንጠረዦች መካከል በአንድ ጊዜ በሥራ ላይ የሚያውለው አንድ ማያያዣ ብቻ ነው። ሌሎቹ ተኝተው ይቆዩና በስሌቱ ውስጥ በስም ሲጠሩ ይነቃሉ። «በዚህ ዓመት የተላለፉ ቤቶች» የሚለው ቁጥር የዕጣውን፣ የውሉን ወይስ የቁልፉን ቀን እንደሚከተል ሞዴል ሠሪው ከሥራ ክፍሉ ጋር ተነጋግሮ ሊወስን ይገባል። ሦስቱ ሦስት የተለያየ መልስ ይሰጣሉ፤ ዕጣ ደርሶት ቁልፍ ላልተረከበ ቤተሰብም ልዩነቱ ትልቅ ነው።

አንድ ለውጥ በየትኛው ክፍል ይሠራ ሲባል ባለሙያዎች የሚከተሉት ልማድ በተቻለ መጠን ወደ ምንጩ አስጠግቶ መሥራት ነው። የስም አጻጻፍ በባንኩ ወይም በወረዳው መዝገብ ቢታረም ይመረጣል፤ ካልተቻለ በዝግጅቱ ክፍል ይታረማል። ወደ ሞዴሉ የሚሻገረው ተጠቃሚው በሚመርጠው ዓመት፣ ሳይት ወይም የቤት ዓይነት መልሱ የሚለዋወጥ ስሌት ብቻ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የማይከተል መሥሪያ ቤት አንዱን ስም በአምስት ዳሽቦርዶች ውስጥ አምስት ጊዜ ያርማል፤ ስድስተኛው ሲሠራ ስህተቱ ተመልሶ ይመጣል።

ቁጥሩ ሲዛባ የትኛው ክፍል እንደተበላሸ የሚለይበት መንገድ አለ። ዳሽቦርዱ ወደ አንድ ሳይት፣ ከዚያ ወደ አንድ ሕንፃ፣ በመጨረሻም ወደ አንድ ተመዝጋቢ ይጠበብና በወረቀት ካለው ፋይል ጋር ይነጻጸራል። ስሙ፣ ቀኑ ወይም ቁጠባው ከፋይሉ ከተለየ ጥፋቱ ዝግጅቱ ላይ ነው። የግለሰቡ መረጃ ከፋይሉ ጋር አንድ ሆኖ የሕንፃው ወይም የሳይቱ ድምር ብቻ ካበጠ፣ የሚፈተሹት የሰንጠረዦቹ ማያያዣዎችና የስሌቱ ደንብ ናቸው። ሁለቱም ልክ ሆነው ጠቅላላው ከባንኩ ድምር ጋር ካልገጠመ ግን ወደ መጀመሪያው የርክክብ መዝገብ ተመልሶ፣ ከባንኩ የወጣው ረድፍ ስንት እንደነበርና የገባው ስንት እንደሆነ ማመሳከር ያስፈልጋል።